ቢትኮይን ኮር ቶሎ እንዲከፈትላችሁ፦ መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር የተጻፈ መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የቢትኮይን ኮርን ምልክት ሁለቴ ጠቅ አደረግኩ። እህቴ አጠገቤ ቡና አቅርባለች። ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ፈላ። አቦል ጠጣን። ቶና ላይ ስንደርስ ፕሮግራሙ አሁንም «ቬሪፋይንግ ብሎክስ» ይላል። በረካው ሳይቀዳ መብራት ሄደ።

«ዛሬም አልተከፈተልህም?» አለችኝ በጨለማ ውስጥ።

ያን ሰሞን ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ እርጅና አሳብቤ ነበር። ማሽኑ በርግጥ ያገለገለ ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ግን መብራት ብዙም የማይሄድበት ሰፈር ያለ ጓደኛዬ ተመሳሳይ ማሽን አለው፣ እሱ ጋ እንዲህ አያደርግም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ፕሮግራሙ ዛሬ ለመከፈት የሚንቀራፈፈው ትናንት በወጉ ስላልተዘጋ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ መክፈት ከሚያወራው ስለ መዝጋት የሚያወራው ይበልጣል። አትገረሙ።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንስማማ። ቢትኮይን ኮር ሙሉውን የቢትኮይን፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘቡን፣ የግብይት መዝገብ ኮምፒውተራችሁ ላይ አምጥቶ እያንዳንዱን ብሎክ ራሱ የሚያጣራ ፕሮግራም ነው። (እኛ ሰፈር ብሎክ ሲባል ሕንፃ ነው። እዚህ ግን የግብይቶች ጥቅል ማለቴ ነው።) የመጀመሪያው ብሎክ የተሠራው ታህሳስ 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፣ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ ሲጨመር ኖሮ ዛሬ መዝገቡ ከ600 ጊጋባይት አልፏል። ስልካችሁ ላይ ያለው ቀላል ዋሌት (የቢትኮይን ቦርሳ) ይህን ሁሉ አይሸከምም፣ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እሱን አይመለከትም።

ሌላው፣ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በቢትኮይን መገበያየት እንዳልተፈቀደና የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር እንደሆነ አስታውቋል። እኔ የማወራው ስለ ፕሮግራሙ ነው። ግዙ ሽጡ አላልኩም።

ከሁሉ በፊት ቅጂ ያዙ

ምንም ነገር ሳትነኩ የዋሌታችሁን ቅጂ አውጡ። ፕሮግራሙ ሲከፈት (አንድ ሰዓት ቢፈጅም ጠብቁት) «ፋይል» ከሚለው ዝርዝር «ባካፕ ዋሌት» የሚለውን ምረጡና ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ሁለት ፍላሽ ቢሆን ይሻላል። ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ የምታስቀምጡ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተዉት።

የት ላይ እንደሚቆም እዩ

ፕሮግራሙ ሲነሳ የምትመጣዋ ትንሽ ሥዕል ከታች የምትጽፈውን ማንም አያነብም። ምርመራው ግን ያለው እዚያ ነው።

«ሎዲንግ ብሎክ ኢንዴክስ» ላይ ከቆመ የብሎኮቹን ማውጫ ወደ ራም እየጫነ ነው። ከ900 ሺህ በላይ ብሎክ ስላለ ማውጫው ቀላል አይደለም። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ላይ ግን ሰከንዶች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ደቂቃ ከጠበቃችሁ ዲስኩን ጠርጥሩ።

«ቬሪፋይንግ ብሎክስ» ላይ ከቆመ የመጨረሻዎቹን 6 ብሎኮች መልሶ እያጣራ ነው። ስድስት ብቻ ከሆኑ ለምን ይዘገያል? ምክንያቱም በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ብዙ ሺህ ገቢና ወጪ አለ፣ ለእያንዳንዱም ዲስኩ ላይ የተለያየ ቦታ ሄዶ መፈለግ አለበት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለ ዝላይ በሰከንድ መቶ ገደማ ቢችል ነው። 10 ሺህ ፍለጋ ማለት እንግዲህ 100 ሰከንድ ነው፣ ሌላ ሥራ ከሌለበት።

«ሪፕሌይንግ ብሎክስ» ወይም «ሮሊንግ ፎርዋርድ» የሚል ካያችሁ ባለፈው ጊዜ መሃል ላይ ተቋርጦበታል ማለት ነው። «ሪስካኒንግ» ካለ ደግሞ ጉዳዩ ዋሌታችሁ ነው፣ በኋላ እመጣበታለሁ።

መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ «ይህን ያህል ብሎክ ቀርቷል» የሚለው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የመከፈት ችግር ሳይሆን ወደኋላ የቀረውን ማውረድ ነው። አንድ ቀን ዘግታችሁ ከዋላችሁ 144 ብሎክ ገደማ ይጠብቃችኋል፣ ይህም ከ200 ሜጋባይት በላይ ዳታ ነው። ሳምንት ከሆነ ፓኬጃችሁን አስቡት።

በዓይን ማየት ካቃታችሁ ፕሮግራሙ ራሱ ማስታወሻ (ሎግ) ይይዛል። ፋይሉ «ዲበግ» ይባላል። ዊንዶውስ ላይ «አፕዳታ» ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ «ሮሚንግ» ውስጥ፣ ከእትም 28 ወዲህ አዲስ ከጫናችሁ ደግሞ «ሎካል» ውስጥ «ቢትኮይን» የሚለውን ፈልጉ። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ከሆነ «ዊንዶው» ከዚያ «ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ገጹ ላይ ባለው «ኦፕን» ቁልፍ ትከፍቱታላችሁ። እያንዳንዱ መስመር ሰዓት አለው። ሁለት መስመሮች መሃል ትልቅ ክፍተት ካያችሁ ጊዜው የጠፋው እዚያ ነው።

ሰዓቱ ግን የግሪንዊች ነው። በኛ አቆጣጠር ለማንበብ ከሎጉ ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ። 04:12 ካለ ከጠዋቱ 1:12 ነው። 15:00 ካለ ምሽት 12 ሰዓት። እኔ በዚህ ዘዴ ነው ሎጉ ድንገት የሚቋረጥበት ሰዓትና መብራት የሚሄድበት ሰዓት አንድ መሆናቸውን ያየሁት።

ጉዱ አዘጋጉ ላይ ነው

የኛ ሕንፃ ስር ባለሱቅ አለ። ቀን ሰው ሲበዛበት ዱቤውን ሁሉ ወዲያው ደብተር ላይ አይጽፍም። ጭንቅላቱ ውስጥ ይይዘዋል። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ተቀምጦ ይጽፋል። ሳይጽፍ ታሞ ቢወድቅ ግን በማግስቱ እያንዳንዱን ጎረቤት እየዞረ «ስንት ዳቦ ወሰድክ?» ማለት አለበት።

ቢትኮይን ኮርም እንደዚያው ነው። ማን ምን ያህል ያልወጣ ሳንቲም እንዳለው የሚይዘው ደብተር «ቼይንስቴት» ይባላል። አዳዲስ ለውጦችን መጀመሪያ ራም ላይ ይይዝና በየተወሰነ ጊዜ ወደ ዲስክ ይጽፋል። በቀደሙት እትሞች ይህ ክፍተት እስከ 24 ሰዓት ሊደርስ ይችል ነበር። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ራም ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ሲነሳ ወደ መጨረሻው የተጻፈ ቦታ ተመልሶ የቀሩትን ብሎኮች እንደገና ያጣራል። የአንድ ቀን ሥራ ሊደገም ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቶና ላይ ደርሰን አሁንም ያልተከፈተው።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው።

አንደኛ፣ እትማችሁን አሳድጉ። አዲሶቹ እትሞች ወደ ዲስክ የሚጽፉበትን ክፍተት ወደ አንድ ሰዓት ገደማ አሳጥረውታል። መብራት ለሚሄድበት ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። የምታወርዱት ከራሱ ከቢትኮይን ኮር ድረ ገጽ ብቻ ነው። ከቴሌግራም ቻናል የተገኘ የዋሌት ፕሮግራም መጫን የቤት ቁልፍን ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው።

ሁለተኛ፣ ስትዘጉ ጠብቁ። መስኮቱን ስትዘጉት ሌላ ትንሽ መስኮት ይመጣል፣ ይህ መስኮት እስኪጠፋ ኮምፒውተሩን አታጥፉ የሚል። እውነቱን ነው። ደብተሩን እየጻፈ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ዊንዶውስን በቀጥታ ለማጥፋት ብትሞክሩም ፕሮግራሙ «ገና በሰላም አልወጣሁም» ብሎ ያስቆመዋል። እዚያ ላይ «ሻት ዳውን ኤኒዌይ» የምትለዋን ቁልፍ የነካ ሰው ነገ ጠዋት በሰዓታት ይከፍላል። እኔ ለወራት ስነካት ኖሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ። ዴስክቶፕ ካላችሁ ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ግዙ እላለሁ። ትልቅ አያስፈልግም። የምትፈልጉት ፕሮግራሙን በሰላም ዘግታችሁ ማሽኑን ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ነው። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ እናንተ ቤት ባትኖሩም ማሽኑን ራሱ እንዲያጠፋው ማዘዝ ትችላላችሁ። ያገለገለ ዩፒኤስ ስትገዙ ሻጩ ፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ሞክሩ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ከባድ ማከፋፈያ ነው።

ላፕቶፕ ያላችሁ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ግን አንድ ነገር አስተካክሉ። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ምን ይሁን የሚል አለ። «ሃይበርኔት» አድርጉት። ሃይበርኔት ራም ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ነው የሚተኛው። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ከነጭራሹ እንደ አዲስ መከፈትም አያስፈልገውም። ላፕቶፑን ባትሪውን አውጥታችሁ በቻርጀር ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም።

አራተኛ፣ የሰፈራችሁን ፀባይ እወቁ። የኛ ሰፈር መብራት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኔ ጠዋት ከፍቼ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ እዘጋለሁ። ቀላል ነገር ነው። ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው።

ዲስኩ

አዘጋጉ ተስተካክሎ አሁንም «ቬሪፋይንግ ብሎክስ» ላይ የሚያንቀላፋ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ሃርድ ዲስኩ ነው። መጀመሪያ ጤናውን እዩ። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በሰማያዊ «ጉድ» ካለ ደህና። ቢጫ ካለ ቢትኮይኑን እርሱትና ፎቶዎቻችሁን አድኑ። መዝገቡ ውጫዊ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ፈጣኑ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ መሰካታችሁን እዩ፣ ብዙ ማሽን ላይ ውስጡ ሰማያዊ ነው።

ኤስኤስዲ ስትገዙ «600 ጊጋ የሚይዝ ከየት አመጣለሁ?» ብላችሁ አትደንግጡ። ፍጥነት የሚፈልገው ክፍል ትንሹ ነው። ቼይንስቴት 12 ጊጋባይት ገደማ ነው። ብሎኮቹ ግን አንዴ ተጣርተው ከተቀመጡ በኋላ ብዙም አይነኩም፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢተኙ ችግር የለም። ስለዚህ 240 ወይም 256 ጊጋ የሆነ ኤስኤስዲ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙን ዝጉና መስኮቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ኤስኤስዲው ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ከቢትኮይን ፎልደር ውስጥ «ብሎክስ» ከሚለው ፎልደር በስተቀር ሁሉንም ወደዚያ ቅዱ። ከዚያ «ብሎክስ» ውስጥ ገብታችሁ «ኢንዴክስ» የሚለውን ብቻ ውሰዱና በአዲሱ ቦታም «ብሎክስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ቼይንስቴትና ኢንዴክስ የአንድ ቀን ቅጂ መሆን አለባቸው። አንዱን ዛሬ ሌላውን ከሳምንት በፊት ከተቀዳ ብታመጡ አይግባቡም።

አሁን ለፕሮግራሙ አዲሱን ቦታ ንገሩት። የምትከፍቱበትን ሾርትከት በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። «ታርጌት» የሚለው ሳጥን መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ተዉና ሰረዝ አድርጋችሁ ሁለት ትእዛዝ ጻፉ። አንዱ «ዳታዲር» ነው፣ እኩል ምልክት ተደርጎ የአዲሱ ፎልደር አድራሻ ይከተለዋል። ሌላው «ብሎክስዲር» ነው፣ እሱ ደግሞ ብሎኮቹ የቀሩበትን የድሮውን የቢትኮይን ፎልደር አድራሻ ይይዛል። «ብሎክስ» የሚለውን ንዑስ ፎልደር አትጨምሩበት፣ ራሱ ያገኘዋል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ ቃሉ ሳይለያይ ነው የሚጻፉት። አድራሻው ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት።

ክፈቱት። በትክክል ከተነሳና ዋሌታችሁ ከታየ፣ ጥቂት ቀን አይታችሁት፣ የድሮውን ቼይንስቴት አጥፉ። ብሎኮቹን ግን አትንኩ። እኔ ጋ ከዚህ በኋላ ከሰል ሳይያያዝ መከፈት ጀመረ።

ሃርድ ዲስካችሁም ከሞላ «ፕሩን» የሚባል ምርጫ አለ። የድሮ ብሎኮችን እየጣለ የቅርቦቹን ብቻ ይይዛል። ቦታ ያስለቅቃል እንጂ አከፋፈቱን ያን ያህል አያፈጥንም፣ ማውጫውና ቼይንስቴቱ እንዳሉ ናቸውና። ከዚያ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ መዝገቡን በሙሉ እንደገና ማውረድ ነው። የድሮ ዋሌት አምጥታችሁ የቀድሞ ታሪኩን ማስፈለግም አትችሉም። ያልተገደበ ኢንተርኔት ከሌላችሁ ሁለቴ አስቡበት።

ካሽ ጨምሩ የሚለው ምክር

ለማንም «ቢትኮይን ኮር ዘገየብኝ» ብትሉ መጀመሪያ የምትሰሙት «ካሹን ጨምር» ነው። ካሽ ማለት ፕሮግራሙ ለደብተሩ ራም ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሜይን» ገጽ ላይ «ሳይዝ ኦፍ ዳታቤዝ ካሽ» የሚል አለ። ለዓመታት መነሻው 450 ሜጋባይት ነበር።

መጨመሩ የሚጠቅመው መዝገቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታወርዱ ነው። ያኔ በጣም ይጠቅማል። 8 ጊጋ ራም ካላችሁ 3 ወይም 4 ሺህ አድርጉት። አከፋፈቱን ግን አያፈጥነውም፣ ካሹ ሲነሳ ባዶ ነዋ። ይባስ ብሎ ካሹ ትልቅ ሲሆን ባለሱቁ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚይዘው ዱቤ በዛ ማለት ነው። ሲዘጋ የሚጽፈው ይበዛል፣ መብራት ሲሄድ የሚጠፋውም ይበዛል። የመጀመሪያው ማውረድ ካለቀ በኋላ ወደ መነሻው መልሱት። 4 ጊጋ ራም ብቻ ላለው ማሽን ደግሞ 450ውም ብዙ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ክሮም ሃያ ገጽ ከፍቶ ከጎን ከተቀመጠ።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

ጸረ ቫይረሱ እያንዳንዱን የብሎክ ፋይል ሲከፈት ይፈትሻል። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» ገብታችሁ የመዝገቡን ፎልደር ብቻ ጨምሩ፣ ፕሮግራሙን አይደለም። ነገሩ የፍጥነት ብቻም አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው «ስቶንድ» የተባለ የ1980ዎቹ ቫይረስ መለያ ምልክት መዝገቡ ውስጥ ስላስገባ የማይክሮሶፍት ጸረ ቫይረስ የቢትኮይንን ፋይል እንደ ቫይረስ ይዞት ነበር። ቫይረሱ ራሱ አልነበረም፣ መለያ ምልክቱ ብቻ እንጂ።

«ኦፕሽንስ» ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳ የሚል ምልክት ካለ አንሱት። ዊንዶውስ ገና ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም ዲስኩን ይሻማል። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በእጃችሁ ክፈቱት።

ብዙ ዋሌት ካላችሁ የማትጠቀሙበትን ከ«ፋይል» ዝርዝር «ክሎዝ ዋሌት» በሉት። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ ዋሌት ሲጫን ካቆመበት ብሎክ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያስሳል። ሪስካኒንግ የሚባለው ያ ነው። ዋሌታችሁ ከ2022 እ.ኤ.አ. በፊት የተፈጠረ ከሆነ ደግሞ የድሮው ዓይነት ሊሆን ይችላል። እትም 30 እነዚያን አይከፍትም፣ መጀመሪያ «ማይግሬት ዋሌት» በሚለው መቀየር አለባችሁ። ቅጂው በእጃችሁ ነው አይደል?

«ቼክብሎክስ» የሚል ትእዛዝ ስላለ ስድስቱን ብሎክ ወደ አንድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዜሮ ግን እንዳታደርጉት። ዜሮ ማለት ምንም አታጣራ ሳይሆን ሁሉንም አጣራ ማለት ነው። እኔ ራሱ አልነካውም። መብራት በሚሄድበት ቤት መዝገቡ መበላሸቱን ቀድሞ የሚነግረኝ ያ ማጣሪያ ነው።

ከተበላሸስ?

አንዳንዴ ፕሮግራሙ የብሎክ መዝገቡን መክፈት አልቻልኩም፣ እንደገና ልሥራው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቶሎ «ኦኬ» አትበሉ። እሺ ካላችሁ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያጣራል። ሃርድ ዲስክ ላይ ቀናት ነው። መጀመሪያ ሰርዙትና «ዋሌትስ» የሚለውን ፎልደር ሌላ ቦታ ቅዱ። ከዚያ «ሪኢንዴክስ ሰረዝ ቼይንስቴት» በሚለው ትእዛዝ (እንደ «ዳታዲር» ሁሉ ሾርትከቱ ላይ ይጻፋል) አስነሱት። የብሎክ ፋይሎቹና ማውጫው ደህና ከሆኑ ደብተሩን ብቻ እንደገና ይጽፋል፣ ዳታም አይበላም። ፕሩን ላደረገ ሰው ግን ይህ አይሠራም። ካሹን ከፍ የምታደርጉበት ሁለተኛው አጋጣሚ ይህ ነው።

ይህንንም ቅዳሜ ጠዋት፣ ዩፒኤስ ተሰክቶ፣ ጎረቤት እንጀራ መጋገሪያውን ሳይለኩስ ጀምሩት።

ሁሉን ሞክራችሁ ማሽኑ እንቢ ካለ፣ እንደ ኤሌክትረም ያለ ቀላል ዋሌት አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረ ነው። ብሎኮቹን አያወርድም፣ ከሌላ ሰው ሰርቨር ይጠይቃል፣ ስለዚህ ወዲያው ይከፈታል። ሰርቨሩ ግን የትኞቹ አድራሻዎች የእናንተ እንደሆኑ ያያል። እኔ ሁለቱንም ይዣለሁ። ኤሌክትረሙ ላፕቶፑ ላይ ነው፣ ኮሩ ደግሞ ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት ዴስክቶፑ ላይ።